የአርበኛ ልብስ በምን አለሽ ተራ እንዴት እንደሚሠራ

ለዘንድሮው መጽሔት ከተማርነው ወይም በእጃችን ከሠራነው ነገር አንዱን መርጠን እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ከጓደኞቼ አንዱ ስለ ኤሌክትሪክ፥ አንዱ ስለ ወባ ትንኝ፥ አንዱም ስለ ዓባይ ወንዝ ለመጻፍ ፈጥነው ያዙ። እኔም የተረፈኝን ሳስብ ባለፈው የካቲት እጄን ያሻከረው ሥራ ትዝ አለኝ፤ ይኸውም ልብስ ነው። ልብስ ስል በየቀኑ የምንለብሰውን ማለቴ አይደለም። ሰው ሌላውን ሰው ለመምሰል ብሎ በገዛ እጁ እየሠራ የሚለብሰውን ማለቴ ነው። ነገሩ ለሚያየው ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ስሌት፥ የእጅ ጥበብ፥ ታሪክና ብዙ ድካም አለበት። በእኔ ላይ ያደረሰውንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

በውጭ አገር ይህ ሥራ ስም ወጥቶለታል፤ ኮስፕሌይ ይሉታል። ቃሉ «ልብስ» እና «ጨዋታ» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተቀጠለ ሲሆን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ኖቡዩኪ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ድርጊቱ ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1931 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939) በኒው ዮርክ ከተማ የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፥ ፎረስት አከርማን የተባለ ወጣት ወደ ፊት የሚመጣውን ዘመን ሰው መስሎ ካባ ደርቦ ገባ። ልብሱን የሰፋችለት ሚርትል ዳግላስ የምትባል ጓደኛው ነበረች፤ እርስዋም ለብሳ አብራው መጣች። ዛሬ ነገሩ ሲወራ አስቀድሞ የሚነሣው የለባሹ ስም ነው እንጂ የሰፊዋ አይደለም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዛሬው ጊዜ በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ፥ በጃፓንም በቶኪዮ እንዲህ ያለ ትልቅ ጉባኤ በየጊዜው ይደረጋል። በናጎያ ከተማም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጡ ለባሾች የሚወዳደሩበት በዓል አለ። ወጣቶቹ ከሥዕል መጽሐፍና ከፊልም የመረጡትን ጀግና ለመምሰል ከስፖንጅ ጥሩር ይቆርጣሉ፥ ሰው ሠራሽ ጠጉር ያበጥራሉ፥ ወራት ሙሉ ይሰፋሉ፤ የሚለብሱት ግን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ብቻ ነው። በእኛም በኩል «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ጀግና ያለበት የሥዕል መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ወጥቶአል፤ በአማርኛም ይነበባል። ይሁን እንጂ ጀምበርን መስሎ የለበሰ ተማሪ በሰፈራችን እስካሁን አላየሁም።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ለእኛ እንግዳ ነው ማለት አይደለም። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል በሚታሰብበት ዕለት፥ ከማለዳው ጀምሮ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው ይረዳዋል። በ1923 ዓ.ም. በቆመው በዐፄ ምኒልክ ሐውልት ዙሪያ ጎፈር ያጠለቀ፥ ጋሻና ጦር የያዘ፥ ለምድ የደረበ፥ ጠጉሩን አጎፍሮ አርበኛ የመሰለ ወንድ፥ ካባ ደርባ እቴጌ ጣይቱን የመሰለች ሴት፥ በከሰል ጢም የተሣለለት ሕፃን ሳይቀር ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በዚያው በፒያሳ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የሚወጣው ለባሽ የበዛ መስሎ ታይቶኛል።

በቴአትርም በኩል ቢሆን መስሎ መልበስ የቆየ ነገር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. ጽፈው ያሳዩት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ» ሲሆን፥ በውስጡ የሚናገሩት አራዊት ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም ተውኔቶቻቸውን ያሳዩ የነበሩት ተማሪዎችን እያለማመዱ ነበር። ስለዚህ ተማሪ ሆኖ ሌላ ሰው መስሎ መቆም ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጎፈሩ ልመለስ። ጎፈር ማለት ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ በራስ ላይ የሚጠለቅ ጌጥ ነው። በቀድሞ ዘመን ማንም ተነሥቶ አያጠልቀውም ነበር፤ አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀብዱ የሠራ ሰው ነበር የሚያጠልቀው። ሳይገድል ያጠለቀ ቢገኝ መሳቂያ ይሆናል። እንግዲህ እኔ አንበሳን ያየሁት በስድስት ኪሎ በአጥር ውስጥ ተኝቶ ሳለ ብቻ ስለሆነ፥ ጎፈር ላጥልቅ ስል ምን ገድለህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ መልስ የለኝም። ይህ ጥያቄ ሥራውን ከጀመርሁበት ቀን አንሥቶ ሲከተለኝ ቆይቶአል።

በ2017 ዓ.ም. 129ኛው የድል በዓል ሲቃረብ በትምህርት ቤታችን ከየክፍሉ አሥር አሥር ተማሪዎች የዘማቾችን ልብስ ለብሰው በሰልፍ እንዲያልፉ ተወሰነ። ከክፍላችን ከተመረጡት አንዱ እኔ ሆንሁ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ጣይቱን እንድትሆን ቢነገራት፥ «ጣይቱን የሚሆን ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን ስንቅ ተሸክመው የዘመቱትን ሴቶች ነው የምሆነው» አለች። በእውነቱ በዚያ ዘመቻ በሶውን ያዘሉ፥ እህሉን የፈጩ፥ ውኃ የቀዱ ሴቶች ብዛት ቀላል አልነበረም። እርስዋም ገንቦ ከሸክላ ሠርታ እንዳትሸከም ይከብዳታል ብላ የስሚንቶ ከረጢት ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየለጠፈች በፊኛ ላይ ሠራችው፤ በሸክላ ቀለም ስትቀባውም ከእውነተኛው ገንቦ ለመለየት መንካት ያስፈልግ ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ ጋሻ ያዥ መሆን ነው። «ጋሻውን ከየት ታመጣዋለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ፥ «ከፒያሳ እገዛለሁ» ብዬ መለስሁ። ይህም ውሸት ነበር። ለፒያሳ የሚሆን ገንዘብም አልነበረኝም። ከዚህ የባሰው ውሸት ግን ከዚያ በፊት የነበረው ነው። አባቴ በምን አለሽ ተራ ቆርቆሮና ላሜራ እየቀጠቀጡ የከሰል ምድጃ የሚሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ግን ወደዚህ ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ «መርካቶ ነጋዴ ነው» እያልሁ ስመልስ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ስለ ምን እንደዋሸሁ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። በታሪክ ትምህርት ላይ መምህራችን ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስላወጡት አዋጅ ነግረውን ነበር፤ ይኸውም ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና የመሳሰሉትን ባለሙያዎች በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ነው። መምህራችን ሰዎች ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያሉ ይሰድቡት እንደ ነበር ሲናገሩ ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፤ አንዱም ቃሉን በጎን ላለው ጓደኛው ደገመለት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይህን አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይሞቃል። ዐድዋ ላይ የተሰነዘረው ጦር፥ የተመዘዘው ጎራዴ፥ የፈረሱ ልጓም ከብረት ሠሪው እጅ የወጣ መሆኑ በዚያች ሰዓት ለማናችንም አልታሰበንም።

ምን አለሽ ተራን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገረው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ ለብቻ ለይተው ወደ አዲስ ከተማ አወረዱት፤ መርካቶ የሚለውም ስም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። (ጣሊያንን ድል የነሡ ዘማቾች ልብስ ጣሊያን በሰየመው ገበያ ሲሠራ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል።) በዚህ ገበያ ውስጥ ሸማ ተራ አለ፥ ጎማ ተራ አለ፥ ሳጥን ተራ አለ። ምን አለሽ ተራ ግን የሁሉም ትርፍራፊ የሚያርፍበት ነው። ስሙ ገዢ ሻጭዋን «ምን አለሽ?» እያለ ከሚጠይቀው ጥያቄ የመጣ ነው ይባላል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ጣሳ፥ ጠርሙስ፥ ሽቦ፥ የተሰበረ አልጋ፥ የተጣለ በርሜል ሁሉ ወደዚህ ይመጣል። የመጣውም እንደ መጣ አይቀርም። በርሜሉ ምድጃ፥ ጣሳው ኩራዝ፥ የመኪናው ጎማ በረባሶ፥ የመኪናው ባሌስትራ መጥረቢያ ይሆናል። ከሩቅ ስትመጡ አስቀድሞ የሚቀበላችሁ የመዶሻው ድምፅ ነው። ዝናብ ሲመጣ እንኳ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም።

አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ዘንድ ሄጄ ጋሻ እንደሚያስፈልገኝ ነገርኋቸው። ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፥

«ለምን?» አሉኝ።

«ለትምህርት ቤት ነው፥ አባባ። የዐድዋ ሰልፍ አለ።»

«ከምን ይሆንልህ?»

«ከበርሜል ላሜራ። ጠንካራ እንዲሆን።»

አባቴ በርሜሉን ቆርጠው ሰጡኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቆርጬ፥ አጥፌ፥ መያዣ አበጅቼለት ስጨርስ፥ «እንግዲህ ይዘኸው እስከ ራጉኤል ደርሰህ ና» አሉኝ። ሄድሁ። ሕዝቡን እየተጋፋሁ ስመለስ ክንዴ ዝሎ ጋሻውን በሁለት እጄ እንደ ትሪ አቅፌው ነበር። አባቴም ሳቁና፥ «ለሩብ ሰዓት ያልቻልኸውን ለሁለት ሰዓት ልትይዘው ነው?» አሉ።

በዚህ ላይ ነው ስሌቱ የሚመጣው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የእኔ ጋሻ ሲቆረጥ ግማሽ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ስለ ነበር ስፋቱ ወደ 0.283 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ይህን በ7.85 ብናበዛው 2.2 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። መያዣውና ጌጡ ሲጨመርበት ከዚህም ይበልጣል። የዘይት ቆርቆሮ ግን ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ያው ክብ 0.67 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ጋሻ ለመምሰል የሚያስፈልገው ቅርጹ እንጂ ክብደቱ አይደለም። በናጎያና በሳን ዲዬጎ ብረቱን ትተው በስፖንጅ የሚሠሩትም ስለዚህ ነው፤ አባቴ ናጎያን ሳያውቁ ይህን ያውቁታል።

የኢትዮጵያ ጋሻ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ተሠርቶ መካከሉ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ጠፍጣፋውን ቆርቆሮ ወደዚህ ቅርጽ ለማምጣት መንገዱ ይህ ነው። ክቡን ከቆረጣችሁ በኋላ ከመካከሉ እስከ ጫፉ 36 ዲግሪ የሆነ ቁራጭ፥ ማለት ከክቡ አንድ ዐሥረኛውን፥ ታወጣላችሁ። ለመደራረቢያ ግን ሁለት ሳንቲ ሜትር ትተዋላችሁ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ስታገናኙአቸው ቆርቆሮው ራሱ ተነሥቶ እንደ ሞሰብ ክዳን ይሆናል። የአፉ ግማሽ ስፋት ከ30 ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከፍታውንም በፒታጎራስ ሕግ ብናሰላው 30 በራሱ ሲበዛ 900፥ 27 በራሱ ሲበዛ 729፥ ልዩነቱ 171፥ የዚህም ሥር 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እኔ ይህን በደብተሬ ላይ ሳሰላ አባቴ በጠመኔ አንድ መስመር አስምረው፥ በመቀስ ቆርጠው፥ አጥፈው አሳዩኝ። ለካነው፤ ከፍታው 13 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነገር ሆነ። «አንተ በወረቀት አገኘኸው፤ እኔ ደግሞ ስንት ቆርቆሮ አበላሽቼ» አሉኝ።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። አንድ የዘይት ቆርቆሮ ተዘርግቶ ለዚህ ስፋት ስለማይበቃ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አጥፎ እርስ በርሱ ማቆላለፍ ያስፈልጋል። የዳር ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥና እንዳይጣመም በሽቦ ላይ ይጠቀለላል። መካከሉ በእንጨት መዶሻ በአሸዋ ከረጢት ላይ እየተመታ ጉብታ ይወጣለታል፤ በዚህ ላይ መቸኮል ቆርቆሮውን ይቀድደዋል፥ እኔም አንዱን ቀድጄበታለሁ። ከላይ ከሰልባጅ የተገዛ የጥቁር ከፋይ ቀሚስ ቀድጄ አለበስሁት። ጌጡ ደግሞ የጠርሙስ ቆርኪ ነው፤ ተቀጥቅጦ ሲዘረጋና ሲወለወል ከሩቅ ብር ይመስላል። ለመያዣው የጎማ ቁራጭ ተጠቀምሁ። መጀመሪያ ሚስማሩን ብቻ ስለመታሁት ቆርቆሮውን ሰንጥቆ ወጣ፤ ኋላ ግን ከሁለቱም በኩል ሮንዴላ ሲገባበት ጸና። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን እንዳይባክንበት ነው።

ጎፈሩን የሠራሁት ከቃጫ ነው። ሚስማር በተመታበት ሳንቃ ላይ ደጋግሜ አበጠርሁትና በወፍራም ሻይና በቡና አተላ ነክሬ አሳደርሁት፤ ቀለሙም ከወርቅማ እስከ ቡናማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂቱን እየቆነጠርሁ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ላይ በመርፌ ሰፋሁት። ለዚህ ብቻ ስድስት ማታ ፈጅቶብኛል። እናቴ በሦስተኛው ማታ መርፌውን ከእጄ ተቀብለው ሁለት ረድፍ ሰፉልኝ፤ የእርሳቸው ስፌት የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ያስታውቃል።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው፥ ከሰዓት በኋላ፥ ሽርጥ ታጥቄ ፊቴ በጥላሸት ተነክሮ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ጠርዝ ስጠቀልል፥ ከመተላለፊያው በኩል የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል ያች ስንቅ ተሸካሚ የክፍላችን ልጅና ሌሎች አራት ተማሪዎች ናቸው። በፒያሳ የጋሻ ዋጋ ቢጠይቁ አልቀመስ ብሎአቸው፥ ርካሽ የሚሠራ ሰው ፍለጋ ወደ ምን አለሽ ተራ ወርደው ኖሮ ከሱቅ ሱቅ ሲልኩአቸው ወደ እኛ ደረሱ።

«ደኅና ዋሉ፥ አባባ» አለች። «ጋሻ የሚሠራ ሰው እዚህ አለ ብለውን ነው።» ከዚያ እኔን አየችኝና ዝም አለች። ሌሎቹም አዩኝ።

አባቴ አንድ ጊዜ የእነርሱን ዩኒፎርም፥ አንድ ጊዜ የእኔን ፊት ተመለከቱ። ከዚያም መዶሻቸውን አስቀምጠው፥ «ግቡ ልጆቼ» አሉ። «ይኸ ልጅም እንደ እናንተ ጋሻ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ነው። እኔ ሥራ ቢበዛብኝ አግዘኝ ብዬው ነው ልብሱ የቆሸሸው።»

ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ አባቴ እንደምክዳቸው ያውቁ ነበር። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ ምናልባት ወደ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ አንድም ቀን ጠርቻቸው ስለማላውቅ ራሳቸው አውቀውት ይሆናል። አሁን ደግሞ እኔን ላለማሳፈር ብለው የገዛ ልጃቸውን ደንበኛ አሉ። ከፊት ለፊት ያሉት ጋሼ እንኳ ይህን ሰምተው ጎማ መቁረጡን ተዉ። ዝም ብል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር፤ ቃሉን እርሳቸው ስለተናገሩልኝ መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

«አባቴ ናቸው» አልሁ። ድምፄ ስለ ደከመ የሰማኝ ያለ አልመሰለኝምና ደገምሁት።

ከልጆቹ አንዱ፥ ያ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ያችን ቃል ለጓደኛው የደገመው ልጅ፥ መሬት መሬት አየ። ልጅትዋ ግን ጠርዙ ያላለቀውን ጋሻ አንሥታ እያገላበጠች፥ «ታዲያ ከፒያሳ ነው የምገዛው ያልኸን ይኸንን ነው?» አለችና ሳቀች፤ ሁላችንም ሳቅን። አባቴ አልሳቁም። ዞር ብለው የማይፈልጉትን መቀስ ሲፈልጉ ቆዩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስቱ ልጆች በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ይመጡ ነበር። አባቴ የቆርቆሮውን ዋጋ ብቻ ተቀበሉ፤ ነገር ግን ራሱ ያልቀጠቀጠ ጋሻ አይወስድም ብለው ደነገጉ። ያ ያፈረው ልጅ በሁለተኛው ቀን አውራ ጣቱን መታ። አባቴ ጣቱን በውኃ አጥበው በጨርቅ እያሰሩለት፥ «እኔም በመጀመሪያው ቀን ይችኑ ነው የመታሁት» አሉት። በሦስተኛው ቀን ያ ልጅ ጠርዝ መጠቅለልን ከእኔ ይልቅ ቀጥ አድርጎ ይሠራ ጀመር፤ ይህም ትንሽ አናደደኝ።

ሰው እንዲህ የሚደክምበትን ልብስ ስለ ምን ይወደዋል? እኔ ያየሁትን ልናገር። ጎፈር ያጠለቀ ሰው አንገቱን ፈጥኖ ማዞር አይችልም፤ ስለዚህ በግድ ቀስ ብሎ፥ ቀና ብሎ ይራመዳል። ቀና ብሎ የሚራመድን ሰው ደግሞ መንገደኛው ይጠብቀዋል። በክፍል ውስጥ መምህር ሲጠይቁት ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበረን፤ ለምድ ደርቦ ጎራዴ ከታጠቀ በኋላ ፉከራውን ሲለቀው ከአጥር ውጭ ያሉ ሰዎች ቆመው ሰሙት። ጎራዴውም የሳጥን እንጨት ነበር። ሰው ልብሱን ሲለብስ ራሱን ይረሳል የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም፤ ልጁ ድምፅ አልተበደረም፥ ድምፁ የራሱ ነበር። ደግሞም በሱቅ የተገዛ ልብስ የለበሱትን አይቻለሁ፤ ያማረባቸው ነበሩ፥ ሆኖም አንዱ ክር ቢበጠስባቸው የሚያደርጉት ጠፍቶአቸው ይቆማሉ። የእኛዎቹ ግን በሰልፉ መካከል የአንዱ መያዣ ሲላቀቅ ከኪሳቸው ሽቦ አውጥተው ሳይቆሙ ጠገኑት።

በበዓሉ ዕለት ከትምህርት ቤት ሰልፍ በኋላ ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጣን። ከሕዝቡ መካከል ደረታቸው ላይ ሜዳይ የደረደሩ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መንገዴን ዘጉና ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

«ጎፈሩን በምን አገኘኸው?» አሉኝ።

ስፈራው የቆየሁት ጥያቄ እነሆ መጣ። «በቃጫ ነው፥ አባባ» አልሁ፤ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያም ከዘራቸውን ወደ ጋሻው አዙረው ጉብታውን ኳ ኳ አደረጉትና፥ «ይኸስ? ይኸን የሠራው ሰው ሙያ አለው። ማነው?» አሉ።

የአባቴን ስም ከነአያቴ ነገርኋቸው። የሱቁንም ቦታ ነገርኋቸው።

ያ ጋሻ አሁን በምን አለሽ ተራ ከአባቴ ሱቅ በር ላይ ከምድጃዎቹ በላይ ተሰቅሎአል። ለልጆቻቸው አሠሩልን የሚሉ ሰዎች መጥተው ከአሥራ አንድ በላይ ታዝዞልናል፤ ቅዳሜና እሑድ 36 ዲግሪውን በጠመኔ የማስምረው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ መላ አጥተንለታል፤ የጎፈሩ ቀለም ላብ ሲነካው እየለቀቀ ግንባር ላይ ይወርዳል፥ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴ ቡና የተደፋበት መስሎ ነበር። ጨው ብንጨምርበት ጥቂት ተሻለ፥ ኮምጣጤ ብንጨምርበት ደግሞ ቃጫው ሸተተ። ከአንባቢዎች መካከል ቀለም በቃጫ ላይ የሚጸናበትን መንገድ የሚያውቅ ቢኖር ቅዳሜ ወደ ሱቃችን ይምጣ፤ የመዶሻውን ድምፅ ተከትሎ ገብቶ ጋሻ የተሰቀለበትን በር ቢጠይቅ ያሳዩታል።